ከዛፉ ሥር የቀረችው ቀንበጥ

ኅዳር ስድስት ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ ከኦክላንድ በላይ ባለው የኮረብታ መናፈሻ ውስጥ ሠራተኞች እሳት እንዳይዛመት ባሕር ዛፎቹን በመጋዝ ሲጥሉ ደረስኩ፤ የተቆረጠው ቅጠል ሽታ ሲያውደኝም የዐሥር ዓመት ልጅ ሆንኩ።

ያኔ ከእናቴ ጋር ሌክ ሜሪት ከሚባለው ሐይቅ አጠገብ ባለች ጠባብ አፓርታማ እንኖር ነበር። እናቴ ሳምንቱን ሙሉ በመጦሪያ ቤት አረጋውያንን ስታነሣና ስታስተኛ ሰንብታ፣ ቅዳሜ በአውቶቡስ ወደዚህ ኮረብታ ታመጣኝ ነበር። በጸደይ፣ ከሣሩ መካከል ብርቱካናማ አበቦች ሲፈነዱ፣ «በዓይንሽ ብቻ!» እያለች እጄን ትይዘኝ፣ በበጋ ሣሩ ሲደርቅ ጥላ ጥላውን ትመራኝ ነበር። ዝናቡ መጥቶ ጉንፋን ሲይዘኝ ግን የባሕር ዛፍ ቀንበጥ ሰብራ ካፖርቷ ሥር ትሸጉጥና፣ ማታ አፍልታ፣ ብርድ ልብስ አከናንባ ታጥነኝ ነበር። ለእርሷ አበባ ጌጥ ነው፣ አይነካም፤ ቅጠል ግን መድኃኒት ነው።

አንድ ክረምት፣ ከመናፈሻ አንዲት ቅጠል እንኳ እንደማይወሰድ በትምህርት ቤት ተማርንና ቃል ገባን። በዚያው ሳምንት እናቴ ቀንበጧን ሰብራ ሳትሸጉጣት የመናፈሻው ጠባቂ ደረሰ።

«ወድቆ አገኘነው በይው» አለችኝ ፈጠን ብላ።

እኔ ግን ቀና ብዬ በእንግሊዝኛ፣ «እርሷ ናት የሰበረችው» አልኩት። ሰውየው አልተቆጣም፤ እዚያው እንድትተዋት ብቻ ለመናት። እናቴም ጎንበስ ብላ፣ ሕፃን እንደምታስተኛ ሁሉ፣ ቀንበጧን ከዛፉ ሥር አኖረቻት።

አውቶቡስ ውስጥ፣ «ዋሺ ማለቴስ ጥፋት ነው፤ ግን ለእርሱ ከመንገርሽ በፊት ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«ሕግ ሕግ ነው» አልኳት፣ አሁንም በእንግሊዝኛ።

«ፖሊስ ነው የወለድኩት በይኛ!» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ ቅዳሜ ሥራ በዛባት።

እስከ ዛሬ ከእግረኛው መንገድ አልወጣም፣ ቅጠል አልቀጥፍም፤ ሕጉ ትክክል ነበር። የተሳሳትኩት ከእርሷ በፊት ለእርሱ በመናገሬ ነው። ያኔ አንዲት ቀንበጥ ታስጠይቅ ነበር፤ ዛሬ ግንዱ ሁሉ ተቆልሎ እያየሁ፣ የወደቀ ቅጠል እንኳ ለማንሣት እጄ አልታዘዝ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት ሳን ሆዜ ለምትኖረው እናቴ ደወልኩ።

«የኮረብታውን ባሕር ዛፎች እየቆረጧቸው ነው፤ ሳያልቁ እንሂድ፣ እማዬ።»

«በየትኛው ጉልበቴ?» አለች። «እሺ፣ ከመኪናው ግን አልወርድም። መስኮቱን ትከፍችልኛለሽ። ማሽተትም ይከለከላል እንዴ?»

«አይከለከልም» አልኳት፤ ለመጪው ቅዳሜ፣ ለሦስት ሰዓት ተቀጣጠርን።