የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ራጅ

መጀመሪያ የተሰማኝ ብሽሽቴ ላይ ነው። ባጃጅ ተገልብጦበት ጭኑ የተሰበረ፣ የቡ ከምትባል አቅራቢያችን ካለች ከተማ የመጣ ገበሬ ላይ ቀዶ ሕክምና እያደረግኩ ሳለ ቀኝ እግሬ ከዳኝ። ጠረጴዛውን ተደግፌ ጨረስኩ። "ደክሞኝ ነው" አልኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ዳሌና ጉልበት ስጠግን ኖሬ፣ የብሽሽት ሕመም ከዳሌ እንደሚመጣ ጠፍቶኝ ነው? ውሸቴን ነው!

ሰባት ወር ደበቅኩት። ሳነክስ እንዳያዩኝ ቀድሜ እገባለሁ፣ ኋላ እወጣለሁ። ኪቶ ፉርዲሳ ሰፈር ያለው ቤቴ ውስጥ ማንም ስለማይጠብቀኝ፣ እዚያ እንደ ልቤ አነክሳለሁ። ካልሲ ማጥለቅ ሲያቅተኝ ያለ ካልሲ ሄድኩ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያልኩ ስንቱን ተቆጥቻለሁ፤ አያሳፍርም? ግን ፈራሁ። ቆሞ መሥራት ያልቻለ ቀዶ ሐኪም ምን ይሠራል? እኔ ከሥራዬ ሌላ ምን አለኝ?

በመጨረሻ ራጅ አንሺያችንን ናስርን ለመንኩት። "የሌላ ሰው ስም ጻፍበት" አልኩት። ምንም ሳይጠይቅ ጻፈ። እኛ ዘንድ ጠዋት ጠዋት የበሽተኞች ራጅ እየታየ አብረን እንመካከርበታለን። የራሴን እንደ ሌላ በሽተኛ ራጅ አቀረብኩት።

"አቫስኩላር ኔክሮሲስ ነው" አለች አንዲት ወጣት ሐኪም። የጭኑ አጥንት ራስ ደም አጥቶ ሞቷል። ተደርምሷል። "መገጣጠሚያው መቀየር አለበት። ግን እስኪደረመስ ምን ይጠብቃል? ሰው የለውም እንዴ?"

"የለውም" አልኩ።

ሁሉም ወጡ። እኔ ከወንበሬ መነሣት አቃተኝ። ናስር በሩ ላይ ቆሞ ነበር። "ወላሂ አዘንኩብዎት ዶክተር" አለኝ። "እኔ ምንድን ነኝ ታዲያ?"

አለቀስኩ።

አዲስ አበባ ይዞኝ ሄደ። ዳሌዬ ተቀየረ። በማግስቱ ዎከር በሚባለው ባለ አራት እግር መደገፊያ ቆምኩ። "አይቸኩሉ" አለኝ ቀዶ ሕክምናውን ያደረገልኝ ሐኪም። እኔም ለሰው የምለው ይህንኑ ነበር።

ቤቴ ከተመለስን ወዲያ ያሉት ሳምንታት ረጅም ነበሩ፤ ናስር ከከተማችን መርካቶ፣ ዳሌዬ ብዙ እንዳይታጠፍ፣ ከፍ ያለ ወንበር አሠርቶ አምጥቶልኝ፣ በየቀኑ ከሥራ መልስ ብቅ እያለ በክራንች ከበሩ እስከ አጥሩ፣ ከአጥሩ እስከ አስፋልቱ እያስኬደኝ፣ "ጃባዱ ዶክተር፣ ይበርቱ እንጂ! በሽተኛ ሲሆኑ እንዲህ ነዎት እንዴ?" እያለ ሲቀልድብኝ፣ እኔም ስነጫነጭበት፣ በአምስተኛው ወር ቆሜ ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል ተመለስኩ።

ብሽሽታችሁን የሚያማችሁ ሰዎች፣ ሳይውል ሳያድር ታዩ። የዳሌ ሕመም ጉልበት ላይም ሊሰማ ይችላል። ክራንች መያዝ አያሳፍርም። ቤቴ ዛሬም ጭር ያለ ነው፤ እሱን ቀዶ ሕክምና አያድነውም። ናስርን እግዜር ይስጥልኝ። ግን አልዋሽም፤ ለእሱም ቢሆን ራጅ ማንሻው ላይ መተኛት ግድ ስለሆነብኝ እንጂ ደፍሬ አልነገርኩትም። እናንተ ንገሩ። ሁሉ ሰው ናስር አይገጥመውም።