ኪኑኤና የመጨረሻው ጥቅል

ኪኑኤ የፊልሙን ጥቅል ከነቆርቆሮው ከብስክሌቷ ኮርቻ ኋላ አድርጋ በጎማ ገመድ ታስራለች፤ አጥብቃ ስታበቃም ቋጠሮውን በአውራ ጣቷ ትፈትሻለች። ከጦርነቱ በኋላ በጃፓኗ ሞጂ ወደብ አንድ ፊልም የሚመጣው ለሁለት ሲኒማ ቤት ነበር። ዳገቱ ላይ ያለው አንዱን ጥቅል አሳይቶ ሲጨርስ፣ እሷ እኔ ትኬት ወደምሸጥበት ወደ ታችኛው ታወርደዋለች።

የእኛ ሰው ነፍሱ የወንጀል ፊልም ነበር። የእነዚያን ፊልሞች ስም ዛሬ የሚያስታውስ የለም። ግን ጭቃው የሰፈራችን ጭቃ ነው፤ የመርማሪው ጫማ የተቀደደ ነው፤ አሳዳጁም ተሳዳጁም እኩል ርቧቸዋል። «ይኸው እኛ!» ይል ነበር ሰው፣ ኮርቶ።

ኪኑኤ ግን የአንዱንም መጨረሻ አይታ አታውቅም። የመጨረሻውን ጥቅል እንዳደረሰች፣ ከትኬት መስኮቴ ሥር ያኖረችውን ጎድጓዳ ሳህን አንስታ ለአማቷ ቶፉ፣ ያን የአኩሪ አተር አይብ፣ ልትገዛ ትሮጣለች፤ ሱቁ በጊዜ ነው የሚዘጋው።

በክረምቱ አንድ ቀን የሲኒማ ቤታችን ባለቤት አቶ ኢሶቤ፣ «ዛሬም ካረፈድሽ ሥራውን ሞተር ላለው ሰው እሰጠዋለሁ» አሏት። ከሰዓት በኋላ ዶፍ ወረደ። የመጨረሻው ጥቅል በሰዓቱ ሳይደርስ ቀረ። ገዳዩ ሳይታወቅ የአዳራሹ መብራት በራ።

የወደቡ ጫኞች ወለሉን በእግራቸው ይደበድቡት ጀመር።

«እትዬ ኪኑኤ ገዳዩን ራሷ ልትይዘው ሄዳ ነው እንዴ?» አለ አንዱ።

«በቃ፣ ሞተር ነው የሚያዋጣን» አሉ አቶ ኢሶቤ።

ይሄኔ በሩ ተበረገደ። ኪኑኤ በባዶ እግሯ፣ ጥቅሉን በዝናብ ልብሷ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አዝላዋለች።

«መንገዱ ተንዷል። ብስክሌትም ሞተርም አያልፍም። በድንጋዩ ደረጃ ወረድኩ» አለች።

አቶ ኢሶቤ ቆርቆሮውን ከፈቱት። ጠብታ ውሃ አልነካውም። ጎንበስ ብለው እጅ ነሷት።

«እትዬ፣ ላይኛው ሲኒማ ያዩት ሲያወሩ ሰምተሻል፤ ገዳዩን ሹክ በይን!» ጮኹ ጫኞቹ።

«ሰምቻለሁ። የተቀጠርኩት ግን በእግሬ ነው፣ በአፌ አይደለም!»

አዳራሹ በሳቅና በጭብጨባ ተናጋ። ከፊት ወንበር ለቀቁላት።

«ኧረ ሱቁ ሊዘጋ ነው» አልኳት።

«ይዝጋ። ዛሬስ መጨረሻውን አያለሁ» ብላ፣ ቀሚሷ እየተንጠባጠበ ቀና ብላ ተቀመጠች።

ሳህኑ ባዶውን መስኮቴ ሥር አደረ።