ውሃ ተመለሰ፣ እንጨት ቀረ

ገና የፊት ጥርሶቼ ሳይወልቁ፣ ጣሊያን አገሩን በያዘበት ዘመን፣ ቡታጅራ አክስቴ ደስታ ዘንድ ነበርኩ። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ እየሠራች ትተዳደር ነበር። ያኔ፣ መሸት ሲል፣ ሰሙ ፍም ላይ ቀልጦ ቤቱ ማር ማር ሲሸት፣ እሷ የጥጥ ፈትሏን እየነከረች ተረት ታወራልኛለች፤ እኔም ጭሱ ዓይኔን እያቃጠለኝ ከጎኗ አልርቅም።

አንዱ ተረቷ የውሃና የእንጨት ነበር። ሁለቱ ጓደኛሞች እሳት ቤት በእንግድነት ይሄዳሉ። ውሃ ሙቀቱ ሲበዛበት እንፋሎት ሆኖ ሽቅብ ይበራል፤ ብርድ ሲያገኘው ግን ዝናብ ሆኖ እናቱ ደጅ ይወርዳል፣ እናቱም «ልጄ መጣ!» ብላ በእንስራ ትቀበለዋለች። እንጨት ግን ጭስና አመድ ይሆናል። ነፋስ አመዱን አምጥቶ እናቱ ደጅ ቢበትነው፣ ልጇ መሆኑን ሳታውቅ ትጠርገዋለች።

እዚህ ላይ ሁልጊዜ አለቅስ ነበር።

«እሱም ይመለስ በይ፣ አክስቴ!»

«አይሆንም ብርቄ። ይኸው፣ ድስቱ ውስጥ ያለው ሰም ቀለጠ እንጂ ሰምነቱን አልለቀቀም፤ ሲበርድ ይረጋል። ጧፉ ላይ የነደደው ግን ሌላ ነገር ሆኗል። ምን ቢያበርዱት ሰም አይሆንም።»

በጋው እንደ ገባ ጣሊያኖች መስቃን ገጠር ያለውን መንደራችንን «አርበኛ ታበላላችሁ» ብለው አቃጠሉት። አባቴ እጁን በጨርቅ ጠቅልሎ ብቻውን መጣ። «እናቴስ?» ብዬ ስጠይቀው «አዲስ አበባ ሄዳለች፣ ትመጣለች» አለኝ፤ ጎረቤቱም ሁሉ ይህንኑ ደገመልኝ።

ከዚያ ወዲያ ውሎዬ የአዲስ አበባው መንገድ ዳር ሆነ። ካሚዮን ባለፈ ቁጥር አቧራው እስኪበተን ጠብቄ የሴቶቹን ፊት አያለሁ። አንድ ቀን አካሄዷ እናቴን የመሰለኝን ሴት «እማዬ!» እያልኩ ገበያ ድረስ ተከተልኳት። ዞር ስትል ሌላ ሰው ናት። አክስቴ ስትፈልገኝ ውላ እዚያው እያለቀስኩ አገኘችኝ።

ያን ምሽት ሰም አልጣደችም። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችኝ።

«እናትሽ እንደ ውሃው ትመለሳለች ብለሽ ነው የምትጠብቂያት?»

«አዎ።»

በኩራዙ ብርሃን ፊቴን ወደ ፊቷ አዞረችው።

«ቤቱ ሲነድ፣ የታሰረችውን ጊደር ልፍታ ብላ ተመልሳ ገባች። ጣራው ወረደባት። እናትሽ እንደ እንጨቱ ናት ልጄ። አትመጣም።»

አባቴ ከጥጉ ብድግ አለ። «ምነው እትዬ! ሕፃን እኮ ናት!»

«ታዲያ መንገድ ዳር ስትጠብቅ ታርጅ?»

አባቴ ተመልሶ ቁጭ አለ። በቆሰለ እጁ ፊቱን ሸፍኖ፣ ከመጣ ጀምሮ አንድም ቀን ያላነሣውን ስሟን እየጠራ አለቀሰ። ሄጄ እቅፉ ውስጥ ገባሁ፤ አክስቴም መጥታ ሁለታችንንም አቀፈችን።

ዛሬ እኔም አርጅቻለሁ፤ የእናቴ መልክ ከጠፋኝ ብዙ ዘመን ሆነ። አክስቴ ያን ምሽት ልቤን ሰብራዋለች፤ ዝም ብትል ኖሮ ግን እናቴ ጥላኝ ሄዳ የቀረች እየመሰለኝ ባደግኩ ነበር። እናቴ አልተወችኝም። ይህን አውቄ ኖርኩ፤ አንድም ቀን ግን በቅቶኝ አያውቅም።