ውሃ ሞልቼ የሰቀልኩት ቦርሳ

ይህ የሆነው ባለፈው ክረምት ነው። ዝናብ ባየሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፤ እስካሁንም ያናድደኛል።

የምኖረው ጋዝጊብላ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም፤ ማንበብና መጻፍ የቻልኩት በራሴ ጥረት ነው። ስለዚህ ልጄ ትርንጎ በመምህርነት ተመርቃ ስትመጣ፣ ከቤታችን ንብረት ሁሉ የሚበልጥብኝ ዲፕሎማዋ ሆነ። ለሥራ ለመመዝገብ ዋናውን ይዛ ሰቆጣ መቅረብ ነበረባት።

ከገበያ “ውሃ አያስገባም” የተባለ ቦርሳ ገዛሁላት። የነጋዴ ቃል ስለማላምን ራሴ ፈተንኩት። እኛ ዘንድ ስልቻ ሲገዛ ውሃ ተሞልቶ ይሰቀላል፤ ካላንጠባጠበ ደህና ነው። ቦርሳውንም እንዲሁ ሞልቼ፣ አፉን ወደ ላይ አድርጌ ከደጃፉ ምሰሶ ላይ ሰቀልኩት። ከጠዋት እስከ ቀትር ጠብ አላለም።

ትርንጎ ግን ዲፕሎማውን በፌስታል ልትጠቀልል ተነሳች።

“እኔ የፈተንኩትን አታምኚም?” አልኳት።

“አምናለሁ አባዬ። ፌስታሉ ግን ምን ይጎዳል?”

“መጠራጠር ልማድ ይሆንብሻል። አስቀምጪው።”

አስቀመጠችው።

በማግስቱ የምዝገባው የመጨረሻ ቀን ነበር። አብረን ወጣን። መኪና መንገዱ ጋ እስክንደርስ ዝናቡ ወረደብን። ቦርሳውን የተሸከምኩት እኔ ነበርኩ፤ አንዳች ስጋት አልነበረኝም።

ሰቆጣ መመዝገቢያው ቢሮ ደርሰን ስንከፍተው ዲፕሎማው ርሷል። የማኅተሙ ቀለም ስሟ ላይ ፈስሷል። ሠራተኛው ወደ መስኮቱ ብርሃን ወስዶ አየውና “ማኅተሙ አይለይም። በዚህ አልመዘግብም” አለ። ለመንኩት፤ አልሆነም። ምዝገባው አለፋት።

እየተቆጣሁ ቦርሳውን ወደ ሸጠልኝ ነጋዴ ሄድኩ።

“ጨርቁ አያስገባም፤ በዚፑ በኩል ነው የገባው። እንዴት አድርገው ነው የፈተኑት?” አለኝ።

ነገርኩት።

“አባባ፣ እናንተ ዘንድ ዝናቡ ከውስጥ ነው እንዴ የሚዘንበው?”

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁሉ ሳቁ። ሰውዬው ስለ ዚፑ አስቀድሞ ሳይነግረኝ መሸጡ ነውር ነው። ፌስታሉን ያስቀረው ግን እሱ አይደለም፤ እኔ ነኝ።

አሁን ቦርሳ ስፈትን ደረቅ ወረቀት ከውስጥ አስገብቼ፣ ዚፑን ዘግቼ አንድ ጆግ ውሃ ከላይ አፈስስበታለሁ። ሌላ ወጪ የለውም። ጎረቤቶቼም የዝናብ ልብስና ጫማ እያመጡ ያስፈትኑኛል።

ትርንጎ ከኮሌጇ ምትክ አውጥታ ቀጣዩን ምዝገባ እየጠበቀች ነው። አንድም ቀን “ብዬዎት ነበር” አላለችኝም። በቀደም ሰቆጣ ስትሄድ ወረቀቷን እፊቴ በሁለት ፌስታል ጠቀለለችው፤ አልጠየቀችኝም። ይቅርታ ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር። በሩን ከፈትኩላት እንጂ አላልኩም።