በቆርቆሮው መውጫ ያቀፉኝ እናት

ሰው ተሳስቶ ሲያቅፋችሁ «እኔ አይደለሁም» የሚባለው ከመሳሙ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ይህን ጥያቄ አንድ ቀን ታክሲ ውስጥ ሳብሰለስል ነበር።

ጅቡቲ የሄድኩት ለአውሮፕላን ማረፊያው ማስፋፊያ አስተርጓሚ ሆኜ ተቀጥሬ ነው። በከተማው የማውቀው ሰው አልነበረም። ግንባታው ስላላለቀ መንገደኛ የሚወጣው በቆርቆሮ በታጠረ ጠባብ መተላለፊያ ነበር፤ ተቀባዮች ጫፉ ላይ ተጨናንቀው ብቅ ያለውን ሁሉ ያቅፋሉ።

እኔንም አንዲት የድሬዳዋ እናት አቅፈው ሳሙኝ።

«እንኳን ደህና ገባሽ ልጄ! እንዴት ገርጥተሻል!»

ዓይን አፋር ነኝና እኔም መልሼ ሳምኳቸው። ሻንጣዬን ነጥቀው ታክሲ ውስጥ አስገቡኝ። ከፊት አንዲት ልጅ ተቀምጣለች። እናትየው ስለ መንገዱ ሲጠይቁኝ «ደህና ነበር» እላለሁ፤ ልቤ ግን ማረፊያው ላይ ብቻዋን ስለምትቀረው ስለ እውነተኛዋ እንግዳቸው ይጨነቃል። በመጨረሻ ደፈርኩ።

«እማማ፣ ይቅርታ፣ የጠበቁት እኔን አይደለም።»

«አውቃለሁ አቦ! የእኔዋ ያቻትና ከፊት። አንቺ ግን ወጥተሽ ግራ ቀኝ ስታዪ አየሁሽ። ሰው ያለ ተቀባይ አገር ይገባል እንዴ?»

ልጅቷ እየሳቀች ዞረች። «እኔን እንኳ እንዲህ አልሳሙኝም!»

ሰፈራቸው ካርቲየ ሰባት ስንደርስ፣ ወደያዝኩት ሆቴል ላለመሄድ ወሰንኩ።