ያልነካሁት ሽቦ

ይኼን ነገር አባቴ አያውቅም። እናቴም አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ አብረውኝ ያደሩ ጓደኞቼ፣ ስንት ጉድ የተነጋገርን፣ እነሱም አያውቁም። መጀመሪያ የምትሰሙት እናንተ ናችሁና ሳልሸሽ ልጨርሰው።

አያ እንድሪስን በሰው ፊት አዋርጃቸዋለሁ። ጥፋቱ የእኔ ነበር። የእኔ መሆኑንም እንግዶቹ ገና ጫማቸውን ሳያጠልቁ አውቄያለሁ። አውቄ ዝም አልኩ። በቃ ይኼው ነው። የቀረው ዝርዝር ነው፤ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን እሱ ዝርዝሩ ነው።

አያ እንድሪስ መርሳ ውስጥ ጎረቤታችን ናቸው፣ ወፍጮ ቤት አላቸው። ጉረኛ ናቸው፣ እውነቱን እንነጋገር። ሲጎርሩ ግን ያምርባቸዋል። ወዳጃ ላይ፣ ዱዓውና መንዙማው ሲደራ፣ ድቤ የሚመቱት እሳቸው ናቸው። ቆዳው እርጥበት ነክቶት ሲላላ ሌላው ሰው ሳይነቃ እሳቸው ይሰሙታል። ወንድማቸው ሼህ ዓሊ ደግሞ መንዙማ አውጪ ነበሩ፤ ሞተዋል። ድምፃቸው የቀረው ቤት ውስጥ በተቀዳ አንድ ካሴት ላይ ነው። አያ እንድሪስ ያን ካሴት የሚሰሙት ከወልድያ ባመጧቸው ሁለት ትልልቅ የእንጨት ስፒከሮች ነው።

ነገሩ ሁሉ የመጣው ከስፒከሮቹ ጀርባ ነው። እያንዳንዱ ስፒከር ከኋላው አራት የሽቦ ማሰሪያ አለው። ሁለቱ ለታችኛው፣ ወፍራሙን ድምፅ ለሚያወጣው። ሁለቱ ለላይኛው፣ ለትንሹ፣ ቀጭኑን ለሚያወጣው። ብዙ ሰው ከአምፑ፣ ከድምፅ ማጉያው፣ አንድ ጥንድ ሽቦ ብቻ ይስባል፤ ታችና ላዩን የምታገናኝ ትንሽ የነሐስ ቁራጭ አለች፣ ድምፁ በእሷ ይሻገራል። ከደሴ የመጣ ዘመዳቸው ግን፣ "ቁራጯን አውጥተው ለየራሳቸው ሽቦ ይሳቡላቸው፣ ድምፁ ይጠራል" አላቸው። ሳቡ።

ከዚያ ወዲህ ላገኙት ሰው ሁሉ አንድ ወሬ ሆነ። "ዓሊ ትንፋሽ ሲወስድ ይሰማኛል! ድሮ አይሰማም ነበር።"

የእኔ ትምህርት ኤሌክትሪካል ነው። ገና መመረቄ ነው፣ ሥራ የለኝም፣ "ሥራ ያዝሽ?" የሚለኝ ሰው ደግሞ መዓት ነው። ስለዚህ ያን ሰሞን አፌ ስለት ነበር። ግን የምሬን ነገሩ ገርሞኝም ነበር። ሁለቱም ጥንድ ሽቦ የሚነሳው ከአምፑ ከአንዱ ቦታ ነው፣ የሚሸከመውም ያንኑ ሙዚቃ ነው። ታዲያ ምን ይለወጣል? ሰውየው የሚሰሙት ምንድን ነው?

አንድ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እነአባቴም ሌሎችም እሳቸው ቤት ተሰብስበው አላስቻለኝም።

"አያ፣ እኔ አላምንም" አልኩ።

"ምኑን?"

"ሽቦ ስለተደረበ ድምፅ አይጠራም። ሽቦ ያው ሽቦ ነው።"

"አንቺ ልጅ! ያን ሁሉ ዓመት ቀለብ ተሰፍሮልሽ የተማርሽው ሽቦ ሽቦ ነው የሚለውን ነው?"

ቤቱ ሳቀ። ባለቤታቸው እትየ ዘምዘም፣ "ኧረ ይተዋት፣ የዲግሪዋ ቀለም እንኳ አልደረቀም" ሲሉ ጭራሽ ባሰ።

ተናደድኩ። እንፈትን አልኩ። ስፒከሮቹን በሽርጥ እጋርዳለሁ፣ እሳቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፣ እኔ ከኋላ ሆኜ አንዴ በአንድ ጥንድ፣ አንዴ በሁለት ጥንድ አደርገዋለሁ። የቱ የቱ እንደሆነ ይነግሩኛል።

"ወላሂ እነግርሻለሁ" አሉ።

እኔ ግን ልቀይር አላሰብኩም። ሐሳቤ ምንም ሳልቀይር የቀየርኩ መምሰል ነበር። ከሽርጡ ኋላ ገባሁና ሽቦዎቹን ነቀነቅኳቸው፣ ድምፃቸው እንዲሰማ። ይኼ ፈተና ነው ወይስ ማጭበርበር? ያኔ አልጠየቅኩም። አሁን ስጠይቅ መልሱ ደስ አይለኝም።

ካሴቱ ተከፈተ። አያ እንድሪስ ጉልበታቸውን በጣታቸው መታ መታ እያደረጉ አዳመጡ። ግንባራቸውን ቋጠሩ።

"አሁን አንድ ጥንድ አድርገሻታል። የዓሊ ትንፋሽ ወደ ግራ ሸሸ። በቀኝ በኩል ጭብጨባው ደነዘዘ።"

ከኋላ ዘልዬ ወጣሁ። "ምንም አልነካሁም! አያ፣ አንድም ሽቦ አልነካሁም!"

ቤቱ ተናጋ። "ወፍጮው ጆሮዎን ፈጭቶታል!" አለ አንዱ። አባቴ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። አያ እንድሪስም ፈገግ አሉ፤ ከዚያ ተነስተው የወንድማቸውን ድምፅ አጠፉት።

"እንግዲህ ጆሮም ያረጃል" አሉ።

ሰው ሲነሳ ሽርጡን ላነሳ ሄድኩ። ከቀኙ ስፒከር ጀርባ አንድ ሽቦ ከማሰሪያው ወጥቶ ተንጠልጥሏል። የላይኛው ሽቦ ነው፣ የቀጭኑ። ስነቀንቀው አውልቄዋለሁ።

አያችሁ? አንድ ጥንድ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሽቦው ሲወልቅ ስፒከሩ ጭጭ ይል ነበር፣ ማንም ያውቅ ነበር። ለየራሱ ስለተሳበ ግን ቀጭኑ ብቻውን ሞተ፣ ወፍራሙ ቀጠለ። ሰው በሞላበት ቤት ያን የሰማ አንድ ሰው ብቻ ነው። ምክንያቱን ሳቱት እንጂ የሰሙት ልክ ነበር። እኔስ? ከስፒከሩ ኋላ ቁጭ ብዬ ለምን አልሰማሁም? እየሰማሁ አልነበረማ። የምስቅበትን ሰዓት እየጠበቅኩ ነበር።

ሽቦውን መልሼ ሰካሁት። ማሰሪያውን በጣቴ አጠበቅኩ። ሽርጡን አጥፌ ለእትየ ዘምዘም ሰጠኋቸው።

"ጨረስሽ ልጄ?" አሉኝ።

"ጨረስኩ" አልኩ።

በሚቀጥለው ወዳጃ አያ እንድሪስ ድቤውን ለሌላ ሰው አሳልፈው ሰጡ። አባቴ ነው እየሳቀ የነገረን። "ጆሮው የዋሸው ሰው ድቤ አይመታም አሉ" አለና፣ ወዲያው ሳቁ ጠፋበት። ከዚያ በኋላ የሼህ ዓሊ ድምፅ በአጥር በኩል መምጣቱን አቆመ። አሁን መውሊድ እየደረሰ ነው። ሰው ሽማግሌ ቢልክባቸውም እምቢ ብለዋል። አዲሱ መቺ ቆዳው ሲላላ አይሰማውም፣ ዝም ብሎ ይደልቃል።

ለምን አልተናገርኩም? ፈርቼ ነው ብል ይቀለኝ ነበር። ግን ፈርቼ አይደለም። ለአንድ ቀን ያሸነፍኩትን መመለስ አልፈለግኩም። የአንድ ሰው ጆሮ፣ ወንድሙን የሚያገኝበት ጆሮ፣ በእኔ "አልነካሁም" ተዘጋ። ነክቼ ነበር። እኔ ነክቼ ነበር።

ጥያቄው ደግሞ እስከ ዛሬ አለቀቀኝም። ወልድያ ጓደኛዬ ቤት ሄጄ፣ ሳላጭበረብር፣ በአንድም በሁለትም ጥንድ ሞከርኩት። ለእኔ ልዩነት የለውም። የተማርኩትም ያንኑ ይላል፤ በዚያች በአጭር ሽቦ ይኼ ነው የሚባል ለውጥ አይመጣም። ግን ከአፍንጫው ሥር የሞተ ድምፅ ያመለጠው የእኔ ጆሮ ምን ብሎ ይመሰክራል? ቁራጯን ሲያወጡ ዝጎ የነበረ ማሰሪያ ተጠርጎላቸው ይሆን? ወይስ ዓሊን ከዚያ ቀን ጀምረው ጠጋ ብለው ስላዳመጧቸው ነው? አላውቅም። ማወቅ እፈልጋለሁ። እሳቸውን መጠየቅ ነበረብኝ፤ እኔ ግን ወጥመድ አጠመድኩላቸው።

እናቴ ብትሰማ፣ "በጓዳ ገብተሽ እግራቸውን ስመሽ ጨርሺው" ትለኛለች። አይሆንም። በሰው ፊት የሰበርኩትን በጓዳ አልጠግንም። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ያው ሰው እዚያው ቤት ይሰበሰባል። ገብቼ ሽቦውን እንዴት እንዳወለቅኩት፣ እንዴት እንደደበቅኩት እናገራለሁ። "አውፍ ይበሉኝ አያ" እላለሁ። ባይሉኝም መብታቸው ነው።

ከዚያ ሽርጡን እዘረጋለሁ። አሁን ከኋላ የሚገቡት እሳቸው ናቸው፤ ይቀይሩት፣ አይቀይሩት፣ እንዳሻቸው ይነቅንቁት። እኔ ምንጣፉ መሃል ዓይኔን ጨፍኜ እቀመጣለሁ። ከሳትኩ ቤቱ ይሳቅብኝ። እኔ የዓሊን ትንፋሽ እፈልጋለሁ።