ሰሎሜ ጣፊያዋን አላስተኮሰችም

በየዓመቱ ሰሊጥ ሲደርስ ሰሎሜ ወለቃን ትታ ወደ መተማ ትወርድ ነበር። ሥራዋ ለአጫጆች ማብሰል ነው። በሚያድሩበት ዳስ ውስጥ አጎበር የሚባል ነገር የለም፤ ሲያተኩሳት ትተኛለች፣ ሲለቃት ተነሥታ ድስቷን ትጥዳለች። የወባ እንክብል ብታገኝም ትኩሳቱ እስኪበርድ ብቻ ነበር የምትውጠው። የቀረውን ለታመመ አጫጅ ትሰጠዋለች። ደግነት ይመስላት ነበር።

አምና ስትመለስ ግራ ጎኗ አብጦ ቀሚሷን ከፊት አንሥቶት ነበር። ቦኖ ውሃው ዘንድ ሴቶቹ ተጠቃቀሱ።

«ሰሎሜ፣ ከቆላ ያመጣሽው ሰሊጥ ብቻ አይደለም መሰለኝ» አለቻት አንዷ።

«አዎ፣ ወባም አለ። ላካፍልሽ?» አለችና ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች።

ወንድሟ አለበል ግን አልሳቀም። ወላጆቻቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደጋት እሱ ነው፤ የምትኖረውም በእሱ ቤት ነው። እሱም በልጅነቱ ጣፊያው አብጦ በጋለ ብረት ስለተተኮሰ ነገሩን ገና ሲያየው አወቀው።

«ጣፊያ ነው። አያ የሻው ይተኩስሽና ይለቅሻል» አላት።

በማግስቱ ሳትነግረው በባጃጅ ጎንደር ወርዳ ሆስፒታል ገባች። ምስጢር የምትባል ወጣት ሐኪም ደሟን አስመርምራ ሆዷን በቀስታ ዳሰሰችው።

«ቆርጣችሁ አውጡልኝ» አለቻት ሰሎሜ።

«ምነው? ምን በደለሽ?»

ሐኪሟ ወንበሯን ስባ ቀረበቻት።

«ደምሽ በጣፊያሽ ውስጥ እየተጣራ ነው የሚያልፈው። እዚያ ትልልቅ ነጭ ሕዋሳት አሉ። ወባ የገባበትን ቀይ የደም ሕዋስ ይይዙና ይውጡታል። ሌሎቹ ደግሞ የወባዋን መልክ ለይተው መከላከያ ይሠሩባታል። አንቺ መድኃኒቱን እያቋረጥሽ በየዓመቱ ስትነከሺ እነሱ ፋታ አላገኙም። በዙ፤ ቤታቸውም አበጠ።»

«ታዲያ በሽታዬ እሱ አይደለም?»

«ከበሽታሽ ጋር ሲታገል ነው እንዲህ የሆነው። አሁን ግን ከልኩ አልፎ ጤነኛውንም ደምሽን እያጠፋብሽ ነው። ለወራት የሚወሰድ መድኃኒት እሰጥሻለሁ፤ አንዲትም እንዳታስቀሪ። ማንም እንዳይጫነው፣ እንዳያሸውም። ከፈነዳ ደምሽ ውስጥ ለውስጥ ፈሶ ያልቃል።»

ቤት ስትመለስ አለበል ያስጠራቸው አያ የሻው ምድጃው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የማጭዳቸው ጫፍ ፍም ውስጥ ገብቷል። ሽማግሌው ከመተኮሳቸው በፊት የጣፊያውን ጠርዝ ለማግኘት በሁለት አውራ ጣታቸው አጥብቀው ይጫናሉ፤ ከዚያ በከሰል ምልክት ያደርጋሉ። ሰሎሜ ይህን ታውቃለች። በሩ ላይ ቆመች።

«ነይ ልጄ፣ ተጋደሚ» አሏት።

«አልተጋደምም፣ አያ የሻው።»

«ፈርታ ነው» አለ አለበል። «እኔ ሕፃን ሆኜ ድምፄን ሳላሰማ ነው የተተኮስሁት።»

«ምነው ታዲያ እማማ ጩኸትህ እስከ ጎንደር ተሰማ ትል ነበር?»

ሽማግሌው ሳቁ። አለበል ፊቱ ጠቆረ፤ ሸሚዙን ገልቦ ጠባሳዎቹን አሳያት።

«ያዳነኝ ይሄ ነው።»

«ያዳነህስ ከጠባሳው ሥር ያለው ነው። የሚታገልልኝን አላስተኩስም።»

አለበል ተነሥቶ ክንዷን ያዘ። ወደ ኋላ አላለችም።

«ያዘኝ። ግን ሐኪም ነግራኛለች፤ ጣፊያዬን አንዴ ቢጫኑት ፈንድቶ እዚሁ እጅህ ላይ እሞታለሁ። ለቀስተኛ ሲመጣ ምን እንደምትል ከአሁኑ አስብ።»

አያ የሻው ማጭዳቸውን ከፍሙ አወጡ። «እኔ እምቢ ያለ ሰው ላይ ብረት አላሳርፍም» ብለው ጋቢያቸውን አጣፉ።

እሳቸው ሲወጡ አለበል ክንዷን ለቀቀ። «በእኔ ቤት የሚኖር እኔ ያልሁትን ይሰማል» አለ።

«እንግዲያው በሌላ ቤት እኖራለሁ» አለችና ልብሷን በአንሶላ ቋጥራ ወጣች።

ጎንደር ቁስቋም ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። ልብስ እያጠበች ኖረች፤ ከባድ ነገር ግን አታነሣም፤ ውሃ የምታስቀዳው በሰው ነው። መድኃኒቱ አፏን ይመርራታል፤ ቢሆንም አንድ ቀን አልዘለለችም። እብጠቱ ቶሎ አልጎደለም። ለብዙ ጊዜ ምንም የተለወጠ አይመስልም ነበር። ክረምቱ ሲገባ ግን ሐኪሟ ከጎድን አጥንቷ በታች ፈልጋ ፈልጋ ነው ጠርዙን ያገኘችው።

አንድ እሑድ አለበል መጣ። ሳይቀመጥ ጎኗን አየ።

«ጎደለ?»

«ጎደለ።»

«ሳይተኮስ?»

«ሳይተኮስ።»

ጉሮሮውን ጠራረገ። «በይ ተመለሽ። ልጆቹ አክስታችን እያሉ አስቸገሩኝ።»

«እመለሳለሁ። ግን እዚያ ቤት ውስጥ ከእንግዲህ ማንም አይተኮስም። ልጆችህም ቢሆኑ።»

«በልጆቼ አንቺ ልታዥ ነው?»

«በዚህ ነገር፣ አዎ።»

«እሺ አላልሁም።»

«እኔም አልመጣሁም።»

ሰሎሜ ወደ ማጠቢያዋ ዞራ አንሶላ መጭመቅ ጀመረች። አለበል ደጃፉ ላይ ወጥቶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። በሩን አልዘጋችበትም፤ እሱም አልሄደም።